በስልክ ፊት መንሣትና ሦስቱ መጠይቆች
ስለ ጠባይ፥ ስለ አስተውሎትና ስለ ወጣቶች የስልክ ልማድ በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሥነ ልቡና መጽሔቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ጥናት እየተደጋገመ ሲታተም እናያለን። የጥናቱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከሰው ጋር ተቀምጦ ሳለ ዓይኑን ከስልኩ ላይ የማያነሣ ወጣት ምን ዓይነት ጠባይ ያለው ሰው ነው? መልሱም ከቦታ ወደ ቦታ ጥቂት ይለያይ እንጂ አዝማሚያው አንድ ነው። ጥንቁቅነት የሚያንሰው፥ ሥጋት የሚበዛበትና አስተውሎቱ የላላ ሰው ነው ይባላል። ቀጥሎም ብዙውን ጊዜ አንድ ምክር ይሰጣል፤ ይኸውም ወጣቶች አስተውሎትን በልምምድ ቢማሩ ይህ ልማድ ይቀንሳል የሚል ነው።

ይህ ነገር እኛን በሁለት መንገድ ይመለከተናል። አንደኛ፤ በነዚህ ጥናቶች መልስ ሰጪ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሆኑ የሚመረመሩት የኛ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፤ ነገ የመመረቂያ ጽሑፍ ስናዘጋጅ እኛው ራሳችን መርማሪዎች እንሆናለን። እንዲህ ያለው ጥናት ደግሞ ለጀማሪ እጅግ የሚያጓጓ ነው። ሦስት መጠይቆችን ከመጽሔት ማውጣት፥ ወደ አማርኛ መመለስ፥ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለጓደኞች ማደል፥ ቍጥሩንም ለኮምፒዩተር መስጠት ብቻ ይበቃል። ባዶ እጅ መመለስም የለም፤ አንድ ዝምድና ሁልጊዜ ይገኛል።

ይህን ሒስ የምንጽፈው ስለዚሁ ከቶ ስለማይታጣው ውጤት ነው። አሳባችን ባጭሩ እንዲህ ነው፤ በጠባይ፥ በአስተውሎትና በስልክ ልማድ መካከል ተገኘ የሚባለው ዝምድና በከፊል ከሰዎቹ ሕይወት የተገኘ ሳይሆን አስቀድሞ በመጠይቆቹ ቃላት ውስጥ የተቀመጠ ነው። ይህን ለማሳየት መጠይቆቹን አንድ ባንድ ከፍተን እናያለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

፩፤ ስለ ስሙ

የልማዱ የእንግሊዝኛ ስም «ፈቢንግ» ይባላል። ስልክን የሚያመለክተውን ቃልና መናቅን የሚያመለክተውን ቃል በማጋጠም የተሠራ ነው። ቃሉ የተወለደው በምርምር ቤት አይደለም፤ በ2012 በአውስትራልያ አገር በሜልበርን ከተማ ያለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የማኳሪ መዝገበ ቃላትን ለማስተዋወቅ በከፈተው ዘመቻ ምክንያት ሆን ተብሎ የተፈጠረ ቃል ነው። ዘመቻው ተሳካ፤ ቃሉም ዓለምን ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላም ተመራማሪዎች መለኪያ ያበጁለት ጀመር።

አንድ ቃል ከማስታወቂያ መምጣቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የቃሉ ትውልድ አንድ ነገር ያስረዳናል። ቃሉ ሲፈጠር ፍርዱ አብሮ ተፈጥሯል፤ ስልክ ማየት ብቻውን ሳይሆን ስልክ በማየት ሰውን መናቅ ማለት ነውና። ስለዚህ ይህን ቃል ይዞ ወደ ምርምር የሚገባ ሰው «አንድ ሰው ስልኩን ስንት ጊዜ አየ?» ከሚለው ጥያቄ በላይ «ሌላው ሰው ተናቅሁ አለን?» የሚለውንም መመለስ ይገባዋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ «በስልክ ፊት መንሣት» ብለን እንጠራዋለን። «ፊት ነሣኝ» የሚለው አነጋገር በቋንቋችን ለማንም ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰውም ይፈልጋል። ፊት የነሣ ካለ ፊት የተነሣ መኖር አለበት። ሰው በባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ለማንም ፊት ሊነሣ አይችልም። ይህን ቀላል ነገር አንባቢ በልቡ ይዞ እንዲቈይልን እንለምናለን፤ ከጥቂት መሥመር በኋላ እንመለስበታለንና።

፪፤ የመጀመሪያው መጠይቅ፤ የስልክ ልማድ

በ2015 ካራዳግ የተባሉ የቱርክ አገር መምህርና ባልደረቦቻቸው በ401 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ያበጁት መለኪያ ዐሥር ዓረፍተ ነገር ያለው ሲሆን ኋላ በብዙ አገር ቋንቋ ተተርጕሞ ተሠርቶበታል። ዐሥሩ ዓረፍተ ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ። አምስቱ የንግግር መታወክን ይመለከታሉ፤ ከሌሎች ጋር ሳለሁ ዓይኔ ወደ ስልኬ ይሄዳል፥ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ በስልኬ እጠመዳለሁ፥ ሰዎች ስለ ስልኬ ያማርሩብኛል የሚል ዓይነት ነው። የቀሩት አምስቱ ከስልክ ጋር መጣበቅን ይመለከታሉ፤ ስልኬ ምንጊዜም እጄ ከሚደርስበት አይርቅም፥ ጧት ስነቃ መጀመሪያ የማየው የስልኬን መልእክት ነው፥ ስልኬ ከሌለ ጎደሎ የሆንሁ ይመስለኛል የሚል ዓይነት ነው።

እንግዲህ ቀደም ብለን ያልነውን እናስታውስ። ጧት ዓይኑን ገልጦ ስልኩን የሚያይ ተማሪ ማንን ፊት ነሣ? ስልኩን ከኪሱ የማይለይ ተላላኪ ወይም የታክሲ ሾፌር ማንን ናቀ? ከመለኪያው ግማሽ ያህሉ ሌላ ሰው ጨርሶ የሌለበት ነው። ሁለቱ ግማሾች ተደምረው አንድ ቍጥር ሲሆኑ፥ ያ ቍጥር «ሰውን ይንቃል» ለማለት መዋሉ ትክክል አይመስለንም። ስልኩን አብዝቶ የሚፈልግ ነገር ግን በሰው ፊት ፈጽሞ የማያወጣ ጨዋ ልጅና፥ ስልኩን ብዙም የማይፈልግ ነገር ግን በገበታ ላይ የሚጐረጕር ግድ የለሽ ልጅ በዚህ መለኪያ እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። በኑሮ ግን እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቃቸው ሰው የለም።

ከዚህ ይልቅ ወደ ነገሩ የቀረቡ ሌሎች ሥራዎች አሉ። በ2016 በአሜሪካ አገር በቴክሳስ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሆኑት ሮበርትስና ዴቪድ ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ስለ አንዱ የሌላው የስልክ ልማድ የሚመልሱትን ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ያለው መለኪያ አወጡ። በዚህ ውስጥ ተናጋሪው የተነሣው ወገን ነው። በእንግሊዝ አገር የኬንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሆኑት ቾትፒታያሱኖንድና ዳግላስ ደግሞ በ2018 ለነሺውና ለተነሺው ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን አዘጋጁ። እነዚህ የነገሩን ሁለትነት ዐውቀዋል። ነገር ግን የጠባይና የአስተውሎት ጥናቶች በሚሠሩበት ጊዜ መጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ወገን፥ ለነሺው ብቻ ነው።

፫፤ ሁለተኛው መጠይቅ፤ አስተውሎት

ፈረንጆች «ማይንድፉልነስ» የሚሉትን እኛ እዚህ አስተውሎት ብለነዋል። የቃሉ ታሪክ ረዥም ነው። በ1881 ሪስ ዴቪድስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ የቡድሃን ትምህርት ከፓሊ ቋንቋ ሲተረጕሙ «ሳቲ» የሚለውን ቃል በዚህ ቃል መለሱት። ሳቲ በመሠረቱ ከማስታወስ ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። በ1979 ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጭንቀትን ለማቃለል የሚያገለግል ትምህርት ጀመሩ፤ ከሃይማኖቱ ለይተውም ለሕሙማን አስተማሩት። እርሳቸው በሰጡት ትርጓሜ አስተውሎት ሦስት ነገር ይይዛል፤ አውቆ ልብ ማለት፥ አሁን ያለውን ልብ ማለት፥ ሳይፈርዱ ልብ ማለት።

በ2003 ብራውንና ራያን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን በወረቀት ለመለካት ዐሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር አወጡ። መልስ ሰጪው በእያንዳንዱ ላይ ከ1 እስከ 6 ምልክት ያደርጋል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን ዐሥራ አምስቱም ስለ አስተውሎት የሚጠይቁ አለመሆናቸው ነው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አለማስተዋል ነው። በቸልተኝነት ዕቃ መስበር ወይም መድፋት፥ የሰው ስም እንደ ተነገረ ወዲያው መርሳት፥ ሥራን እየሠሩ አሳብ ሌላ ቦታ መሆን፤ እነዚህ «ከቶ አይደርሱብኝም» ያለ ሰው አስተዋይ ይባላል። ሳይፈርዱ መቀበል የሚለው የካባት ዚን ሦስተኛ ነገር እዚህ ቦታ አላገኘም። በዚህም ላይ ከኛ በፊት ሌሎች ሊቃውንት ተችተዋል፤ ጭልጥ ብሎ አለመሄድና በጥልቅ ማስተዋል አንድ ናቸው ማለት ያስቸግራልና።

ለኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው አንዱ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዐሥራ አምስቱ ውስጥ ሰው ሲያናግረኝ በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ሌላ ነገር እሠራለሁ የሚል አሳብ ያለው አለ። አንባቢ ይፍረድ። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ከሰው ጋር ሳለሁ ዓይኔ ወደ ስልኬ ይሄዳል» ለሚለው አዎን ይላል። ገጹን ገልብጦ በሁለተኛው ወረቀት ላይ «ሰው ሲያናግረኝ ሌላ ነገር እየሠራሁ በአንድ ጆሮዬ እሰማለሁ» ለሚለውም አዎን ይላል። መርማሪው ከዚህ ተነሥቶ አስተውሎት ማነስ በስልክ ፊት መንሣትን ያስከትላል ብሎ ይጽፋል። ይህ አንዱን ጤፍ በቍና ሰፍሮ፥ ያንኑ ጤፍ መልሶ በእንቅብ ሰፍሮ፥ ሁለቱ መስፈሪያዎች ተስማሙ ብሎ እንደ መደነቅ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ከዐሥራ አምስት ውስጥ ምን ያህል ይመዝናል የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ብቻውን ብዙ አይመዝንም። ነገር ግን የቀሩትም ዐሥራ አራቱ የዚሁ ቤተ ሰቦች ናቸው፤ ሁሉም ስለ አሳብ መበተን ያወራሉ። ፊት የመንሣት መለኪያውም የመጀመሪያ ግማሽ ስለ አሳብ መበተን ያወራል። በሁለቱ መካከል ዝምድና ባይገኝ ነበር ሊያስደንቀን የሚገባው።

፬፤ ሦስተኛው መጠይቅ፤ ጠባይ

የጠባይ ጥናት ዛሬ በአምስት ታላላቅ ዝንባሌዎች ላይ ቆሟል። እነርሱም ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት፥ ጥንቁቅነት፥ ተጫዋችነት፥ ገርነትና ሥጋታምነት ናቸው። የአሳቡ ምንጭ መዝገበ ቃላት ነው። በ1936 ኦልፖርትና ኦድበርት ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ 18,000 ያህል ቃላትን ለቀሙ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ይህን ክምር እያጣሩ በመጨረሻ ወደ አምስት አደረሱት። ሥራው ታላቅ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ክምሩ የተለቀመው ከአንድ ሕዝብ ቋንቋ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

አምስቱን ለመለካት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ በ1991 የወጣው አርባ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው ነው። በዚህ መጠይቅ ጥንቁቅነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ «አሳቡ በቀላሉ የሚሰረቅ» የሚል ነው፤ ለዚህ አዎን ያለ ሰው የጥንቁቅነት ነጥቡ ይቀንሳል። ሥጋታምነት ከሚለካባቸው መካከል ደግሞ «ብዙ የሚጨነቅ» የሚል አለ። አሁን ወደ ካራዳግ መለኪያ እንመለስ። የመጀመሪያው ግማሽ አሳቡ በስልክ የሚሰረቀውን ይጠይቃል። ሁለተኛው ግማሽ ያለ ስልክ ጎደሎ መስሎ የሚሰማውን ይጠይቃል። ስለዚህ ጥንቁቅነት በፊተኛው ግማሽ በኩል፥ ሥጋታምነት በኋለኛው ግማሽ በኩል ወደ ውጤቱ ይገባሉ። ጥንቁቅነት የሚያንሰውና ሥጋት የሚበዛበት ሰው በስልክ ፊት ይነሣል የሚለው ታላቅ ግኝት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

በ2007 የወጣው አጭሩ መጠይቅ ለአምስቱ ዝንባሌዎች ዐሥር ዓረፍተ ነገር ብቻ አለው። በርሱ ውስጥ ስለ አሳብ መሰረቅ የሚል የለምና ይህን ወጥመድ ያመልጣል። ነገር ግን አንድን የሰው ጠባይ በሁለት ዓረፍተ ነገር መለካት ደግሞ ሌላ ድፍረት ነው። እንግዲህ ተማሪ ጓደኞቻችን የትኛውን እንደ ያዙና ለምን እንደ መረጡ በጽሑፋቸው ሊገልጹ ይገባል።

ከቃላቱ መደራረብ ሌላ የአኳኋኑም ነገር አለ። ሦስቱ መጠይቆች የሚሞሉት በአንድ ሰው፥ በአንድ ወረቀት፥ በአንድ ሰዓት ነው። በዚያን ዕለት በራሱ ያዘነ ሰው በሦስቱም ላይ ራሱን ይወቅሳል፤ በራሱ ደስ ያለው በሦስቱም ላይ ራሱን ያመሰግናል። ደግሞም ሰው ስለ ስልኩ የሚናገረውና በስልኩ የሚያደርገው አንድ እንዳልሆነ ታውቋል። በ2021 ፓሪና ባልደረቦቻቸው ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው እንዳሳዩት፥ ሰዎች ስለ አጠቃቀማቸው የሚሰጡት ግምትና መሣሪያው ራሱ የመዘገበው ቍጥር የሚዛመዱት በመጠኑ ብቻ ነው። የስልክ ሰዓቱን በትክክል መናገር የማይችል ሰው፥ ስንት ጊዜ ጓደኛውን ፊት እንደ ነሣ በትክክል ይናገራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

፭፤ የማይናቀው ክፍል

እስካሁን ያልነው ነገሩ ጨርሶ የለም ለማለት አይደለም። ስልክ በሰዎች መካከል ገብቶ ጨዋታ እንደሚያደፈርስ የሚያሳዩ የተሻሉ ሥራዎች አሉ። በ2018 ድዋየር፥ ኩሽሌቭና ደን በካናዳ አገር ከሦስት መቶ በላይ ሰዎችን ከወዳጆቻቸው ወይም ከቤተ ሰባቸው ጋር ምግብ ቤት አስቀመጡ። በዕጣ ከፍለውም አንዳንዱ ቡድን ስልኩን በጠረጴዛው ላይ እንዲያኖር፥ አንዳንዱ ደግሞ በዕቃ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አደረጉ። ስልካቸው በጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰዎች አሳባቸው ይበልጥ የተበተነና ከማዕዱ ያገኙት ደስታ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ አልነበረም።

ይህ ሙከራ ከመጠይቅ ጥናቶች የሚበልጥበትን ምክንያት እናስተውል። ቡድኖቹ በዕጣ ስለ ተከፈሉ ጥንቁቁና ግድ የለሹ፥ ሥጋታሙና ልበ ሙሉው በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። የተለወጠው የስልኩ ቦታ እንጂ የሰዎቹ ጠባይ አይደለም። ሆኖም ውጤቱ ተለወጠ። እንግዲህ አንድ ስልክ በገበታ ላይ መቀመጡ ብቻ ይህን ያህል ከሠራ፥ ነገሩን ሁሉ ወደ ሰው ውስጣዊ ጉድለት ማዞር ለምን አስፈለገ?

እንደዚሁም ቾትፒታያሱኖንድና ዳግላስ በ2016 ባወጡት ጥናት ከመለያየት ይልቅ የመለማመድን መንገድ አሳይተዋል። ፊት የሚነሣ ሰው ራሱ ደግሞ ይነሣል፤ መንሣትና መነሣት ሲደጋገም ነገሩ የተለመደና ነውር የሌለበት መስሎ ይታያል። በ2018ቱ ሙከራቸው ደግሞ መልስ ሰጪዎቹ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የቀረበ ጭውውት እያዩ ራሳቸውን በአንደኛው ሰው ቦታ እንዲያስቀምጡ ተደረገ፤ ተናጋሪው ወደ ስልኩ ባዘነበለ መጠን የተነሣው ሰው ከወገን የመቈጠር ስሜቱ ቀነሰ። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ጥናት መስክ እውነተኛ ፍሬ ያለው በነዚህ ሥራዎች ነው፤ የልማዱ ክብደት በተነሣው ሰው ላይ የሚታይ ነውና።

፮፤ ነገሩ በኛ ገበታ

አሁን መጠይቆቹ ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚሆነውን እንይ። በመጀመሪያ የቃሉ ነገር አለ። እኛ አሳቡ የራቀውን ሰው «አሁን ባለው ቅጽበት ውስጥ የለህም» አንለውም። የምንለው «ልብህ ከኛ ጋር አይደለም» ነው። «ልብ ማለት» በኛ ዘንድ ወደ ውጭ፥ ወደ ነገሩና ወደ ሰውየው ያዘነብላል። ፈረንጆቹ ግን አስተውሎትን በአንድ ሰው ውስጥ ያለ ኃይል አድርገው ይሰፍሩታል። ተርጓሚ ይህን ልዩነት ሳያስተውል ካለፈ፥ መልስ ሰጪው የሚመልሰው ላልተጠየቀው ጥያቄ ይሆናል።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በታላላቆቻችን ፊት ስልካችንን ከኪስ እንዳናወጣ የሚከለክለን ምንድር ነው? አስተውሎታችን በዚያ ሰዓት ስለ ጨመረ አይደለም። ከጓደኞቻችን ጋር ስንሆን እየጐረጐርን፥ አያት ወይም የነፍስ አባት ሲገቡ የምናስቀምጠው ያው ሰው ያው ስልክ ነው። ደግሞም ይሉኝታ በተቃራኒው ይሠራል፤ ታላቅ ወንድም ሲደውል አለማንሣት ንቀት ስለ ሆነ ከጓደኛችን ፊት ተነሥተን እናነሣለን። አንዱ ኃይል ስልኩን ያስቀምጣልም፥ ያስነሣልም። በአምስቱ የጠባይ ክፍሎች ውስጥ ለዚህ የተለየ ጥያቄ የለም። ቃሉ በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ውስጥ ባይኖር አይደንቅም፤ በአማርኛ የሚሠራ ጥናት ግን ያለ እርሱ ቢቀር ያስተዛዝባል።

ሦስተኛው የሚደውለው ሰው ነው። ከመካከላችን እኅቱ ወይም እናቱ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ተማሪ አይታጣም። እርሷ የምትደውለው አሠሪዋ ፋታ በሰጠቻት ሰዓት እንጂ እኛ በተመቸን ሰዓት አይደለም። ያ ጥሪ በቡና ላይ ሳለን ቢመጣ ተማሪው ምን ያድርግ? ቢያነሣ በካራዳግ መለኪያ ነጥቡ ይጨምራል። ባያነሣ ግን ፊት የነሣው ለእኅቱ ነው። መጠይቁ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ሰው ብሎ ይቈጥራል፤ በስልኩ ወዲያ ያለውን ሰው ዕቃ ያደርገዋል። ይህ የመለኪያው ትልቁ ጉድለት ይመስለናል።

አራተኛው የኑሮአችን ሥርዓት ነው። የመምህራን ጽሑፍና የፈተና ሰዓት ለውጥ በቴሌግራም በሚነገርበት ቦታ ስልኩን የማያይ ተማሪ አስተዋይ ሳይሆን ፈተና ያመለጠው ይሆናል። በአንድ ገበታ ስንበላ ቀኝ እጃችን እንጀራ ላይ ስለሚሆን ስልኩ በግራ እጅ ካልሆነ አይነካም፤ በዚያ ሰዓት የሚያነሣ ሰው በእውነት ጕዳይ ያለው ወይም በእውነት ባለጌ ነው። በቡና ላይ ግን ከአቦል እስከ ቶና፥ ከቶና እስከ በረካ ረዥም ፋታ አለ፤ በዚያ መካከል ስልክ ቢታይ ብዙ ጊዜ ማንም አይቀየምም። አንዳንድ ጊዜም ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሁሉም የሚስቅበት የጨዋታ ምክንያት ይሆናል። «ከጓደኞችህ ጋር ሳለህ በስልክህ ትጠመዳለህን?» የሚለው አንድ ጥያቄ እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል።

፯፤ ምን ይደረግ

ይህ ሁሉ የቃል ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንደክምበትም ነበር። ነገር ግን ከመለኪያ ስም ይወጣል፤ ከስምም ፍርድ ይከተላል። በዚህ መጠይቅ ነጥቡ ከፍ ያለ ተማሪ ግድ የለሽ፥ ሥጋታም፥ አስተውሎተ ቢስ የሚል ስም ሊሰጠው ነው። መድኃኒቱም በርሱ ላይ ብቻ ይጫናል፤ ተቀምጦ ትንፋሹን ይቍጠር ይባላል። ስልኩን በየደቂቃው እንዲጮኽ አድርጎ የሠራው ድርጅት፥ በማዕድ ሰዓት መልእክት የሚልከው መሥሪያ ቤት፥ ቶሎ ካልመለስህ ብሎ የሚቀየመው ወዳጅ ከወቀሳው ነጻ ይወጣሉ። የአስተውሎት ልምምድ ለብዙዎች ዕረፍት እንደሚሰጥ አንጠራጠርም። እኛ የምንቃወመው ልምምዱን ሳይሆን ወደርሱ የሚያደርሰውን የተጣመመ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ይህን ጕዳይ ለማጥናት ላሰቡ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። መጀመሪያ፤ መጠይቆቹን ከማደላቸው በፊት ጐን ለጐን አስቀምጠው ያንብቧቸው፤ አንድ ነገር በሁለት ወረቀት የሚጠይቁትን ዓረፍተ ነገሮች ለይተው ያውጡ፤ ከነርሱ ጋርና ያለ እነርሱ ሁለት ጊዜ አስልተው ሁለቱንም ውጤት ያሳዩ። ዝምድናው ከዚያ በኋላ ከጸና በእውነት ሊያወሩበት የሚገባ ነገር አገኙ ማለት ነው፤ ከጠፋም ያን መጻፍ ራሱ ለዕውቀት አስተዋፅኦ ነው።

ሁለተኛ፤ ሁለቱን ሰዎች ይጠይቁ። አንድ ማኅደር ውስጥ የሚኖሩ ጓደኛሞችን ለየብቻ ቢጠይቁ፥ አንዱ ስለ ራሱ ያለውና ሌላው ስለርሱ ያለው ምን ያህል እንደሚገጥም ይታያል። ፊት የተነሣው ሰው ያልመሰከረበት ፊት መንሣት የለምና። ከዚያም ጋር ማን ደወለ፥ ለምን ተነሣ፥ በቦታው ማን ነበረ ብለው ይጨምሩ።

ሦስተኛ፤ ተቀምጠው ይዩ። የቡና ሥነ ሥርዓት ለእንዲህ ያለ ምርምር የተመቸ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፥ ሦስት ዙር አለው፥ ታላቅና ታናሽ በአንድነት ይቀመጡበታል። ከተቀማጮቹ ፈቃድ ወስዶ ስልክ በየትኛው ዙር፥ በማን ፊት፥ ለስንት ጊዜ እንደ ወጣ በደብተር መመዝገብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መዝገቡ እንደ መጠይቁ በአንድ ቀን አይሞላም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍም ሰዓት ያስወጣል። ነገር ግን በዚያ መዝገብ ላይ የሚገኘው ዝምድና ከቃላት ሳይሆን ከሰዎች የተገኘ ይሆናል።